ሲሚንቶ ያልደረሰበት ግድግዳ

ቤቱ የበሰበሰው በፊት ለፊቱ ነው። ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገውም ይኸው ነው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት በሚወጣው ዳገት ላይ የተቀመጠው የአያቶቼ ቤት ጀርባውን ለተራራው፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ የተሠራ ነው። ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው ጀርባውን ነው። ጥላ የሚውልበትም ጀርባው ነው። መበስበስ ካለ መበስበስ የነበረበት እሱ ነበር። ፊቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይሞቃል፤ በረንዳ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታድሷል። ሲሚንቶ ተለስኗል፣ በላዩ ላይ ኳርትዝ ተቀብቷል። ታዲያ የታደሰው፣ የሞቀውና የተጠለለው ወገን ሲበሰብስ፣ የተረሳውና የረጠበው ወገን እንዴት ደህና ሊሆን ቻለ?

ይህን መጠየቅ የጀመርነው ቤቱን የቤተሰብ ማረፊያ ልናደርገው በተነሣንበት ሰሞን ነው። አያቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ለእናቴና ለእህት ወንድሞቿ ተላለፈ። ከእነሱ ከፊሎቹ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ወደ ሀገር ቤት የሚመጡት የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወይም ላንጋኖ ማረፊያ ያለው ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይሄዳል። የእኛ ቤተሰብ ግን ለዕረፍት የሚሄደው ወደ ዝናቡ፣ ወደ ጭጋጉና ወደ ብርዱ ነው። ስለዚህ ይህ ቤት በበጋ ማማሩ ምንም አይጠቅመንም፤ በነሐሴ ደረቅ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው እድሳት የተደረገው ከዓመታት በፊት ነው። አንዲት አክስቴ ልጇን ስትድር ድግሱ እዚሁ ግቢ ተደገሰ፤ የጭቃ ቤት ደግሞ ሰርግ ላይ ያሳፍራል ተባለ። ሠራተኛ ተጠራ፤ በምርጊቱ ላይ የወንፊት ሽቦ በሚስማር ተመታ፤ በእሱ ላይ ሲሚንቶ ተለሰነ፤ የግድግዳውን እግር ተከትሎም ሰፊ የሲሚንቶ ንጣፍ ፈሰሰ። ፊቱና ሁለቱ ጎኖቹ ተሠርተው ጀርባው ላይ ሲደረስ ሲሚንቶው አለቀ፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ሙሽራ በጓሮ አይገባም ተብሎ ጀርባው በጭቃው ቀረ። ያ እጥረት በኋላ ዋናው ማስረጃችን ሆነ። (በነገራችን ላይ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግድግዳው ነጭ የተቀባ ጭቃ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ፣ የጭቃ ቤት ለድግስ ያሳፍራል ያለ ሰው መኖሩን እንጃ።)

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አልልም፤ የውርስ ቤት ያለው ሰው ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ፣ የከተማ ቦታም ከዚያው ዓመት የሐምሌ 19 አዋጅ ወዲህ የግለሰብ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረት ግን የራሱ፣ የሚሸጠውና የሚያወርሰው አድርጎታል። እናቴ ይህን ስሰብክላት ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «እንግዲያው የወረስነው እንጨትና ጭቃ ነዋ» አለች። ነው። የሚበሰብሰውም እሱው ነበር።

ምልክቱ የጀመረው ከበሩ ነው። ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፤ ጥር ላይ ይላላል። ቀጥሎ ኳርትዙ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ተነፋ፤ በጣት ሲጫኑት ከኋላው ጥቁር ውኃ ይወርዳል። በፊት ለፊቱ መኝታ ቤት ያደረ ሰው ጠዋት ብርድ ልብሱን ርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። የኋላው ጓዳ ውስጥ የተንጠለጠለው አሮጌ ጆንያ ግን ክረምቱን ሙሉ ደረቅ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ምስጥ ነው፤ በሀገራችን ቤት ተጎድቶ ምስጥ ሳይጠረጠር የቀረበት ጊዜ የለም። መድኃኒት የሚረጭ ሰው መጣ። ሰውየው ሐቀኛ ነበር፤ ግድግዳውን ዞሮ አየና ምስጥ ከመሬት ሲወጣ የሚሠራትን የአፈር ቦይ የትም አላገኘም። ይህ ከፍታ ለምስጥ ብርድ ነው አለን። ሳይረጭ ሄደ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ እንጨቱ ነው። ይህን ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ሐሳቡም የሚናቅ አልነበረም። ጀርባው በጥድ ቢሠራ፣ ፊቱ ደግሞ በባህር ዛፍ ቢሆን ልዩነቱ ይገለጻል አለ። ባህር ዛፍ አፈር ነክቶ ብዙ አይቆይም፤ ጥድ ግን ዘመን ይሻገራል። የአካባቢው ታሪክም ይደግፈው ነበር። ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ተራራው የሐገር ዛፍ፣ በተለይም ጥድና ወይራ ነበረበት። ከተማ ግን እንጨት ይበላል፤ ለቤት፣ ለአጥር፣ ለማገዶ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከታች ስትቆረቆር ፍጆታው ባሰ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶ እጦቱ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ አደረሳቸው። ከተማዋን ከመሰደድ ያተረፋት በ1880ዎቹ መገባደጃ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዛሬ ከየካ አባዶ ቀና ብለን ተራራው ላይ የምናየው አረንጓዴ አብዛኛው እሱ ነው። እንግዲህ ወንድ አያቴ በጥድ ጀምሮ ጥዱ ሲያጥረው በባህር ዛፍ ቢጨርስ ምን ይገርማል?

ይህን ለማወቅ ግድግዳው መከፈት ነበረበት። ለዚያ ሥራ የጠራናቸው ከለገጣፎ ወገን የመጡ አዛውንት አናጺ ነበሩ። ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ቦታ መርጠው ምርጊቱን እስከ ቋሚው ድረስ አነሡ። ከሁለቱም ቋሚ በቢላዋ ትንሽ ላጥ አደረጉና አሸተቱ፤ እኔንም አስሸተቱኝ። ውስጡ ቀላ ያለ፣ ሽታው እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው ሽታ ነው። ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም፤ የሐበሻ ጥድ በዓለም ገበያ የእርሳስ እንጨት ሆኖ የታወቀ ዛፍ ነው። ፊቱም ጥድ ነው፤ ጀርባውም ጥድ ነው። የወንድሜ ሐሳብ እዚያው ላይ ወደቀ።

ግን ሌላ ነገር ተነሣ። ከፊቱ ቋሚ ላይ፣ ወገብ በሚሆን ቦታ፣ ምንም የማይያያዝበት አሮጌ ጥርስ ተፈልፍሏል። ማገር አይገባበትም፤ ሚስማርም አልነካውም። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ውስጡን ዳሰሱና፣ «ይኼ እንጨት ሌላ ቤት ነበረ» አሉ። እናቴ ወዲያው ለታላቅ አክስቷ ስልክ ደወለች። አሮጊቷ ስልኩ ውስጥ እየጮኹ መለሱ፤ የወንድ አያቴ አባት ሳር ክዳን ቤት ሲፈርስ ቋሚዎቹን በትከሻ ተሸክመው ወደዚህ እንዳመጡ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው ከኋላ ከኋላ ሲሮጡ እንደነበር። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ አዲስ ነው፤ አጥንቱ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የተወረሰ ነው። የቤታችን እድሜ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል ማለት ነው።

የአሮጌው ጥርስ ነገር ሁላችንንም ስላስደሰተን ዋናውን ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ ረሳነው። ያልረሱት ጋሼ ናቸው። መጥረቢያቸውን ገልብጠው በጀርባው የኋላውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ መቱ። ድምፁ ጥብቅና አጭር ነው። ወደ ፊት ዞረው ሲሚንቶውን መቱ። አንዳንድ ቦታ ደህና ይሰማል፤ አብዛኛው ቦታ ግን ክፍት ዕቃ የተመታ ያህል ያስተጋባል። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር ከተለያየ ቆይቷል። የተሸከመው ሽቦው ብቻ ነው። ከታች፣ ከንጣፉ አጠገብ፣ አንዱን ቁራጭ በመዶሻ አነሡትና ቢላዋቸውን በቋሚው እግር ላይ ጫኑት። እስከ እጀታው ገባ። አንድ ክንድ ከፍ ብለው ሞከሩ፤ ጫፉ እንኳ አልገባም።

«ልጄ፣ ይኼ ቤት አላረጀም፤ ታፍኗል» አሉኝ።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ውኃ አይወድም ይባላል እንጂ ከውኃ ጋር መኖር ያውቃል። ዝናብ ሲያገኘው ይጠጣል፤ ፀሐይና ንፋስ ሲያገኘው ይመልሳል። ከመሬት በእግሩ የሚወጣውን እርጥበትም በፊቱ ላይ ያተነዋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ይህ መመላለስ ይቆማል። ጭቃውና ሲሚንቶው ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥባቸው እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም፤ ስለዚህ ሲሚንቶው ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ የለውም፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ደግሞ ያ የሰርግ ንጣፍ አለ። ከድንጋዩ መሠረት በላይ ከፍ ብሎ ስለፈሰሰ፣ ውኃው የሚጠራቀመው በትክክል የቋሚዎቹ እግር ባለበት ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሥራውን የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ወጥቶ እዚያው ሲቆይ ነው። ደረቅ እንጨት መቶ ዓመት ይቆማል፤ ጥድም ቢሆን ዓመት ሙሉ ረጥቦ ከኖረ እጁን ይሰጣል። ፊቱ ፀሐይ መሞቁ ራሱ ጉዳቱን አባብሶታል፤ ሲሚንቶውን በየቀኑ እያሞቀና እያቀዘቀዘ የሰነጠቀው እሱ ነው።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ችግር እንዳልሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሩቅም ቢኬድ ግን ያው ነው። ጎንደር፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ ቀደም ሲል በተደረገለት ጥገና ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት ገብቶበት ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ጥንቱ ኖራ ተመልሷል። ያ ድንጋይ ነው፤ ግን ሕጉ ያው ነው፤ አሮጌውን ግንብ ከማይተነፍስ ነገር ጋር አለማጋባት። እንግሊዝ ውስጥ ዴቨን በሚባለው አውራጃ ከአፈርና ከጭድ የተሠሩ የገበሬ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሲሚንቶ ከተለሰኑት መካከል ውስጥ ውስጡን ረጥበው ድንገት የተናዱ አሉ። እኔን ግን ከሁሉም የገረመኝ አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾስ ደ ታኦስ በምትባል መንደር ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለዘለቄታው እንዲሆን ተብሎ ጠንካራ ልስን ተለሰነ። እ.ኤ.አ. በ1979 ልስኑ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው በእጃቸው ጭቃ ይለቀልቁታል።

ይህን ሁሉ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ከሜሪላንድ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «ሲሚንቶ የሚያፈርስ እድሳት ሰምተን አናውቅም።» አጎቴ ኢንጂነር ነው። የፈለገው ጂብሰም ኮርኒስ፣ ሴራሚክ ወለልና ዳር እስከ ዳር መስታወት ነበር። የአንድ አናጺ መጥረቢያ ድምፅ ማስረጃ አይሆነኝም አለ። እውነቱን ለመናገር ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ጀርባውና ፊቱ የሚለያዩት በሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ በአቅጣጫም፣ በጥላም፣ በበረንዳም ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፀሐይ፣ አንድ ዓይነት ዝናብ በሚያገኘው በዚያው ፊት ላይ መፈተን ነበረበት።

ፈተናውን ያወጣው ራሱ አጎቴ ነው። ከበሩ በስተግራ ያለውን ግማሽ ሲሚንቶውንና ሽቦውን አንሡ፤ ንጣፉንም እስከ ድንጋዩ ድረስ ስበሩ፤ በጭቃ ብቻ መርጉት፤ በስተቀኝ ያለውን አትንኩ፤ ክረምቱ ይፍረድ አለ። የዚያ ዓመት ዕረፍት ተሰረዘ፤ ልጆቹ አኮረፉ። እኛም ሚያዝያ ላይ ግራውን ገፍፈን መረግን። ጋሼ ጭቃው ከመምጣቱ በፊት በግራው በኩል የቋሚዎቹን እግር ለንፋስ ክፍት አድርገው ለጊዜው አቆዩት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስቀል ባለፈ ሳምንት፣ ጋሼ ቢላዋቸውን ይዘው መጡ። አጎቴ በስልኩ ቪዲዮ ቆሞ ያያል። በስተቀኝ ቢላዋው እንደ አምናው ገባ፤ ሲወጣ ስለቱ ረጥቧል። በስተግራ የበሰበሰው ክፍል አልተመለሰም፤ የበሰበሰ እንጨት አይድንም፤ ግን ደርቋል፤ ሲፍቁት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል እንጂ አይለጥፍም። ከበላዩ ያለው ጤነኛው እንጨት እንዳለ ነው። ከቤት ውስጥም ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ መዳፌን ከግራ ወደ ቀኝ ስጎትት ከበሩ ማዶ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ቀኙንም አንሡት» አለ።

ቀኙን ስናነሣ ነው ሁለተኛው ግኝት የመጣው፤ ለእኔ ከመጀመሪያው የሚበልጠው። ከጀርባው ግድግዳ ለንጽጽር አንድ ቁራጭ አንሥተን ነበር። ጠርዙ ላይ ስመለከተው ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ነው፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ እንደገና ቀይ፣ መካከል ላይ አንድ ነጭ የኖራ መስመር፣ አንድ ቦታ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ከፊቱ፣ ከሲሚንቶው ሥር የወጣው ቁራጭም እንዲሁ ተደራርቧል፤ ሰማያዊውም፣ ነጩም በቦታው አለ። ከሰማያዊው በላይ ግን የፊቱ ሲሚንቶ ነው። የጀርባው ይቀጥላል፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ እያለ ወደ ውጭ ይመጣል።

ለእናቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ «ይቺማ እማዬ ናት» አለች።

አያቴ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቤቱን በእበትና በላመ አፈር ትለቀልቀው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው ሰርጉ ካለፈ በኋላም አለማቆሟን ነው። ሲሚንቶው የተለሰነው እኮ ከፊሉ እሷን ለማሳረፍ ነበር። ፊቱ ላይ የሚለቀለቅ ነገር አልቀረም፤ ጀርባውን ግን ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያመሰግናት፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ቀጥላለች። እንግዲህ ጀርባው የዳነው ሲሚንቶ ስላልነካው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በየዓመቱ በእጁ ስለዳሰሰው ነው። ስንጥቅ ሲጀምር ይደፈናል፤ ክፍክፉ ሲያፈስ በዚያው ሳምንት ይታያል፤ ከዳገቱ የመጣ አፈር መሠረቱን ሲሸፍን ይዛቃል። ልቅለቃ የምንለው ሥራ ግማሹ ፍተሻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ላብ ነው። ንጣፉ ተሰብሮ የግቢው አፈር ከድንጋዩ መሠረት በታች እስኪወርድ ተቆፈረ። ከጀርባው የጎርፍ መቀየሻ ቦይ ወጣ። የበሰበሱት የቋሚ እግሮች ተቆርጠው አዲስ እግር ተቀጠለላቸው፤ በጥርስ ተጋጥመው በብሎን ታሰሩ፤ ከሥራቸውም አፈር ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባ። ለመቀጠያ የሚሆን ደረቅ ጥድ ከየት ይመጣል የሚለው አስጨንቆን ነበር። ከተራራው የሐገር ጥድ መቁረጥ የማይታሰብ ነው፤ መሆንም የለበትም። መልሱን የሰጠችን ከተማዋ ራሷ ናት። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ እንጨታቸው፣ በራቸው፣ ቆርቆሯቸው ወደ ገበያ ወጣ። ጋሼ ከፍርስራሽ ነጋዴ ክምር ውስጥ እያሸተቱ የሚፈልጉትን መረጡ። የሰው ሳሎን የነበረ እንጨት የእኛ ቤት እግር ሆነ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ለማገዶ ከመሄድ ይሻላል።

መታጠቢያ ቤቱን በተመለከተ ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ውሳኔው አጭር ነው። ቧንቧ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። ከቤቱ ጎን፣ ንክኪ በሌለው ቦታ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ለብቻው ተሠራ፤ ሮቶውም ከእሱ በላይ ተቀመጠ። ሲሚንቶ ጠላት አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። አጎቴ ሴራሚኩን እዚያ አገኘ። መስታወቱን ግን አላገኘም፤ ሰፊ መስኮት ለመክፈት ሁለት ቋሚ መቁረጥ ያስፈልግ ነበርና ጋሼ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ቡና ጠጡ።

ጭቃው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። አፈሩ ከግቢው ጥግ ተቆፈረ፤ ጠጠሩ ተለቀመ፤ የጤፍ ጭድ ተነሰነሰበት፤ ውኃ ጠጥቶ በእግር ተረገጠ። ከዚያ ይተዋል። በየጥቂት ቀኑ ውኃ እየጨመሩ መልሶ መርገጥ ነው። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ ጭቃው ይለወጣል፤ ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ መዳፍ ላይ ይለጠጣል። ትርፉን የሚያውቀው ያየው ነው፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቦካው አፈሩንና ጭዱን አንድ አድርጎ ይይዛል። መካኒሳ አካባቢ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ያ ግቢ በጭቃ፣ በጭድ፣ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ለሚል ሰው ከእሱ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የመጨረሻውን ስስ ሽፋን ጋሼ አልነኩትም። «ይኼ የኔ እጅ አይደለም» አሉና ጎረቤታችን ያሉትን እናት አስጠሩ። እኚህ ሴት ከአያቴ ጋር አብረው የለቀለቁ ናቸው። አፈሩን በወንፊት ነፉት፤ እበቱን ሲመርጡ ከየትኛው ሳር የበላች ላም እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ በባዶ እጃቸው፣ በመዳፋቸው ሥጋ፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በግማሽ ክብ እየጠረጉ ቀቡት። አንድ ጊዜ እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አስቀመጡትና፣ «ሲስብሽ ተዪው፤ ሲያንሸራትትሽ ቀጥዪ» አሉኝ። ከደረቀ በኋላ ኖራ ተቀባ። ኖራ ያስተነፍሳል፤ ኳርትዝና ፕላስቲክ ቀለም በግቢው በር እንዳይገቡ ተወስኗል።

ባለፈው ክረምት ቤቱ ሞላ። ልጆቹ በጭቃና በዝናብ ውለው ማታ እየተንቀጠቀጡ ሲገቡ በሩ ይዘጋል፤ ብርድ ልብሱ ደረቅ ነው። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከበረንዳው ጥግ፣ አሸንዳው ሞልቶ ግድግዳው ላይ ፈስሶ ምርጊቱን ወስዶታል። ጎረቤታችን በማግስቱ በአንድ ባልዲ ጭቃ ደፈኑት። ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱን የምናየው ከዓመታት በኋላ በቢላዋ ነበር።

ችግሩ አሁን ሌላ ነው፤ ማንም በእድሳቱ በጀት ውስጥ ያላስገባው። የማረፊያ ቤት ማለት ሰው በነሐሴ የሚሞላበት፣ በጥቅምት ግን የማይኖርበት ቤት ነው። ይህ ግድግዳ ደግሞ ሰው የሚፈልገው በጥቅምት ነው። አጎቴ፣ እንደ ልማዱ፣ ገንዘብ ልላክና ሰው ይሥራው አለ። ጎረቤታችን ክፍያውን አልጠሉም፤ ነገር ግን ብቻዬን አልሠራም፣ ጉልበቴ እያለ ከእናንተ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ ይማር አሉ። በቴሌግራሙ ላይ ለብዙ ቀን ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ እናቴ ተራ አወጣች፤ በየዓመቱ ከአንድ ቤት አንድ ሰው፣ ከመስቀል በኋላ ለአንድ ሳምንት። የመጀመሪያው ጥቅምት የእኔ ነበር። የሚቀጥለው በአጎቴ ስም ተይዟል፤ ትኬቱን ግን እስካሁን አልቆረጠም።